መከራ ብቻውን ሰውን አያበስልም

መከራ ሰውን ያበስላል የሚለው አባባል በአገራችን ከስብከት አውደ ምሕረት አንሥቶ እስከ ልቅሶ ቤት ድረስ እንደ ሕግ የሚነገር ሆኗል። ልጇ የሞተባትን እናት፣ ከሥራው የተባረረውን የቤተሰብ አባት፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ በሰው ደጅ የተጠለለውን ገበሬ ሁሉንም በዚሁ በአንድ ቃል እናሰናብታቸዋለን። ቃሉን የሚናገረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በልቶ የጠገበ ነው፤ የሚሰማው ግን የራበው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ይህን አባባል ነው፤ የምከራከረውም ፍጹም ሐሰት ስለ ሆነ ሳይሆን ግማሽ እውነት ስለ ሆነ ነው። ፍጹም ሐሰትን የሰማ ሰው ይጠረጥራል፤ ግማሽ እውነትን የሰማ ግን አሜን ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አስቀድመን ከሌላው ወገን ጋር ያለንን ጉዳይ ባጭሩ እንጨርስ። ያ ወገን፣ ያመነ ሰው አይታመምም፣ አይደኸይም፤ ከታመመና ከደኸየ እምነቱ ጐድሎ ነው ይላል። ለዚህ የሚሰጠው መልስ ረዥም አይደለም። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች ይህንኑ ትምህርት በአመድ ላይ ለተቀመጠው ሰው ሲያስተምሩት ቈዩ፤ በፍጻሜው ግን የእግዚአብሔር ቍጣ የነደደው በእነርሱ ላይ መሆኑን መጽሐፉ ይነግረናል። ደግሞስ ትምህርቱ እውነት ቢሆን ኖሮ ከሐዋርያት መካከል እምነት ያለው አንድ ሰው እንኳ ባልተገኘ ነበር። ይህን የሚያስተምሩ ሰዎች ከበሽተኛው ላይ ገንዘቡን ተቀብለው፣ ሳይድን ሲቀር ጥፋቱንም ለእርሱ ያሸክሙታል። በእነርሱ ላይ ብዙ ቀለም ማፍሰስ አያስፈልግም፤ ከእነርሱ ይልቅ የሚያሳስበኝ የተከበረው ስሕተት ነው።

የተከበረው ስሕተት መነሻው ከቅዱስ መጽሐፍ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮም ክርስቲያኖች በጻፈው መልእክት፣ በምዕራፍ 5፣ በመከራ የቆመ አማኝ ወደ ትዕግሥት፣ ከትዕግሥትም አልፎ ወደ ተስፋ እንደሚደርስ ያስተምራል። ይህን ክፍል ሰባኪዎቻችን በቃላቸው ይዘውታል። ነገር ግን እዚያው መልእክት ውስጥ፣ ምዕራፍ 15 ላይ፣ ያው ሐዋርያ ከመቄዶንያና ከአካይያ የተዋጣውን ገንዘብ በኢየሩሳሌም ላሉት ድኾች ሊያደርስ መነሣቱን ይጽፋል። እንግዲህ ልብ እንበል። መከራ እንዲያው በራሱ የሚያበስል ቢሆን ኖሮ፣ ጳውሎስ የኢየሩሳሌምን ድኾች በረኃባቸው ይብሰሉ ብሎ በተዋቸው ነበር። መዋጮ መሰብሰብ፣ ባሕር መሻገር፣ በዚያው ጉዞም ተይዞ መታሰር ባላስፈለገው ነበር። የያዕቆብም መልእክት እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ በፈተና ደስ መሰኘት እንደሚገባ ይናገራል፤ በሁለተኛው ምዕራፍ ግን የታረዘውንና የተራበውን ሰው በመልካም ምኞት ብቻ የሚያሰናብተውን አማኝ ይገሥጻል። አንዱን ምዕራፍ ከሌላው ቈርጦ የሚያነብ ሰው ያዕቆብን አነበብሁ ሊል አይችልም።

ሰባኪዎች ለዚህ ነገር የወርቅንና የእሳትን ምሳሌ ይወዳሉ። ከእኛ መካከል ግን ወርቅ ሲነጠር ያየው ስንቱ ነው? የሸክላ ሥራን ግን እናውቃለን። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ከጠጠር ለይታ፣ አቡክታ፣ ጀበናውን ወይም ድስቱን ከሠራች በኋላ ወዲያው እሳት ውስጥ አትከተውም። በጥላ ታስቀምጠዋለች፤ ቀን ይቈጠራል፤ ውኃው ቀስ እያለ ይወጣል። እርጥበቱ ሳይወጣለት እሳት የገባ ሸክላ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዴም ፈንድቶ በአጠገቡ ያለውን ይሰብራል። እሳቱ አንድ ሲሆን ከአንዱ ጀበና ይወጣል፤ ከሌላው ገል ይቀራል። ምጣድ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ከእሳት በደኅና መውጣቱ እንኳ አይበቃውም። በጎመን ዘር ካልተሟሸ እንጀራው ይጣበቅበታል። ይህን የቤት እመቤት ሁሉ ታውቀዋለች፤ ሰባኪው ግን እናቱን አልጠየቃትም።

አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በኢጣልያ ጥይት ሲወድቁ ያሳዩትን ጽናት ሁላችን እናነሣለን፤ ሐውልታቸውንም እናያለን። በ1921 ዓ.ም. ጵጵስና ከመቀበላቸው በፊት በምንኵስናና በመምህርነት ያሳለፉትን ረዥም ዘመን ግን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው። ያ ዘመን ሸክላው በጥላ የደረቀበት ዘመን ነበር። ጠላት የሰጣቸው እሳቱን ብቻ ነው፤ ሰውየውን ጠላት አልሠራቸውም።

ይህ የማድ ቤት ምሳሌ ነው፣ ማስረጃ አይሆንም የሚለኝ ቢኖር፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ እንሂድ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ250 ንጉሠ ነገሥቱ ዳኬዎስ በሮማ ግዛት የሚኖር ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋና መሠዋቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት እንዲይዝ አዘዘ። ከእነዚህ ወረቀቶች ከ40 የሚበልጡት በግብፅ አሸዋ ውስጥ ተገኝተው ዛሬም ይነበባሉ። በዚያን ጊዜ ዛሬ ቱኒዝያ በምትባለው አገር፣ በቅርጣግና ከተማ፣ ቆጵርያኖስ የሚባል ጳጳስ ነበረ። (ከአንጾኪያው ቆጵርያኖስ ጋር በስም አንድ ናቸው እንጂ ሰዎቹ ልዩ ናቸው።) ይህ ጳጳስ እንደሚነግረን፣ ሕዝበ ክርስቲያኑ ሳይያዝና ሳይገረፍ በራሱ እግር ወደ መሠዊያው ጐረፈ፤ ከብዛቱ የተነሣ መሽቷልና ነገ ተመለሱ የተባሉም ነበሩ። ሌሎች ሳይሠዉ ለሹም ገንዘብ ሰጥተው ወረቀቱን ገዙ። ጥቂቶች ግን ታሰሩ፣ ተገረፉ፣ ተራቡ፤ ክርስቶስንም አልካዱም። እነዚህ ምስክሮች እየተባሉ በምእመናኑ ዘንድ እጅግ ይከበሩ ጀመር።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ እንደ ሰባኪዎቻችን ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን አይተርኩትም። ከእነዚያ ጽኑዓን ምስክሮች አንዳንዶቹ ከእስር ሲወጡ ራሳቸውን ከቀሳውስትና ከጳጳስ በላይ አደረጉ። የወደቁት ሰዎች ንስሓ ሳይገቡ እንዲቀበሏቸው፣ እገሌን ከነቤተሰቡ ይቅር ብለናል የሚል ደብዳቤ ያለ ቍጥር ይሰጡ ጀመር። ቆጵርያኖስ በመልእክቶቹ ከእነርሱ መካከል ጥቂቶቹን በስካር፣ በጠብና በትዕቢት ይወቅሳቸዋል። በሮም ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ሆነ። ኖቫትያኖስ የተባለ ቄስ በ251 ተነሥቶ፣ የወደቀ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን አይመለስ ብሎ ተገነጠለ፤ ስለ ክርስቶስ ታስረው ከነበሩት ምስክሮች አንዳንዶቹም በመጀመሪያ ተከተሉት፤ በኋላ ግን ተመልሰዋል። እንግዲህ እሳቱ አንድ ነበር። ከዚያው ከአንዱ እሳት ኵሩው ወጣ፣ ምሕረት የለሹ ወጣ፣ የተሰበረውም ወጣ። በወኅኒ ቤት የጸና ሁሉ በወንድሙ ላይ መታገሥ አልቻለም።

ቆጵርያኖስ ራሱስ? እርሱ በስደቱ ወራት ተሸሽጎ ነበር። ፈሪ ነው ብለው የሙጥኝ የነቀፉት ብዙዎች ነበሩ፤ ከሮም ቀሳውስት እንኳ ነገሩን የሚጐንጥ ደብዳቤ ተጽፎ ነበር። በእኛ ሚዛን ቢመዘን እርሱ ያልበሰለው፣ እነዚያ የታሰሩት የበሰሉት ይሆኑ ነበር። ነገር ግን በ251 ተመልሶ ጳጳሳቱን ሰበሰበ፤ የወደቁትም እያንዳንዳቸው እንደ ጥፋታቸው ተመርምረው በንስሓ መንገድ እንዲመለሱ ተወሰነ። በ252 ቸነፈር ከተማይቱን መታት። ሰዎች በሽተኞቻቸውን በመንገድ እየጣሉ ሲሸሹ፣ ቆጵርያኖስ ምእመናኑን ሰብስቦ ሥራ አከፋፈላቸው፤ ያለው በገንዘቡ፣ የሌለው በጕልበቱ እንዲያገለግል፣ ለወገን ብቻ ሳይሆን ለትናንት አሳዳጅም ጭምር። ጥቂት ቈይቶም በኑሚድያ ወንበዴዎች የማረኳቸውን ክርስቲያኖች ለማስለቀቅ የቅርጣግና ምእመናን 100,000 ሴስተርስ አዋጥተው ላኩ። ቆጵርያኖስ ከገንዘቡ ጋር የሰጪዎቹን ስም በዝርዝር ልኮ፣ በጸሎታችሁ አስቧቸው ሲል ለጳጳሳቱ አደራ ሰጠ። እርሱ ራሱ በ257 ተጋዘ፤ መስከረም 14 ቀን 258 በሰይፍ ተሰየፈ።

የዚያች ቤተ ክርስቲያን ብስለት የት ታየ ብትሉኝ፣ በ250 ወኅኒ ቤት ሳይሆን በ252 የበሽተኞች አልጋ አጠገብ ነው እላለሁ። በዚያ የጸናውና የወደቀው በአንድ ሥራ ላይ ነበሩ።

ከእነዚህ ሰባኪዎች አንዳንዶቹ ደግሞ ሰውን ትተው ስለ ቤተ ክርስቲያን ይናገራሉ፤ ስደት ቤተ ክርስቲያንን ከማሳደግ በቀር አያጠፋትም ይላሉ። ይህ ከጐረቤታችን ከኖባ አገር ሰዎች ፊት የሚነገር ነገር አይደለም። ኖባ ከስድስተኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ክርስቲያን ነበረች፤ በዓባይ ዳር አብያተ ክርስቲያናት፣ በግድግዳ ላይ የተሣሉ ቅዱሳን፣ በራሷ ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍት ነበሯት። በ1317 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዶንጎላ የነገሥታቱ አዳራሽ መስጊድ ሆነ። መከራው በአንድ ቀን የመጣ አልነበረም፤ ካህናቱ እየሞቱ የሚተካቸው እየጠፋ፣ ሕዝቡ ቀስ በቀስ ስም ብቻ ቀረው። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እንደ ጻፈው፣ ከዚያ አገር ስድስት ሰዎች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል መጥተው፣ የሚያስተምሩን ቀሳውስትና መነኮሳት ስጡን ብለው ለምነው ነበር። ንጉሡም፣ እኛ ራሳችን ጳጳስ ከእስክንድርያ የምንቀበል ስንሆን ለሌላ እንዴት ካህናት እንሰጣለን ብለው አልሰጧቸውም ይባላል። ሰዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

የንጉሡ ምክንያት የሥርዐት ምክንያት ነው፤ ሐሰትም አልነበረም። እኔም ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ቁጭ ብዬ በእርሳቸው ላይ ልፈርድ አልነሣሁም። ነገር ግን የኖባ ክርስቲያኖች መከራ አልጐደላቸውም ነበር፤ የጐደላቸው አስተማሪ ነበር። ዛሬ በዚያ አገር ከአሸዋ ውስጥ የሚወጣው የቅዱሳን ሥዕል በአውሮፓ ቤተ መዘክር ተሰቅሎ ጐብኝ ያየዋል። በፊቱ ሻማ የሚያበራ ግን የለም።

አሁን ደግሞ የሚቃወሙኝ ሰዎች የሚወዱትን ታሪክ ላንሣ፤ አልፌው ብሄድ ፈሪነት ይሆንብኛል። በ1929 ዓ.ም. የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን መምህራን በኢጣልያ ወረራ ምክንያት ከወላይታ ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ። ጠላት ከተባረረ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሆነው አገኟቸው። በመካከሉ እስራትና ግርፋት ነበረ። ይኸው፣ መከራው አበዛቸው ይሉናል። እኔ ግን ስለዚያ ዘመን የሚተርኩትን ሰዎች ስሰማ ሌላም ነገር አገኛለሁ። መከራው ሳይመጣ በቋንቋቸው የተተረጐመ የወንጌል ክፍል በእጃቸው ነበረ፤ ከራሳቸው መካከል የተመረጡ ሽማግሌዎች ነበሯቸው። አንዱ ሲታሰር ሌላው ስንቅ ያመላልስለት ነበር፤ ጐረቤቶቻቸውም ወገንን ይህን ያኽል መውደድ ከየት የመጣ ነው እያሉ ይጠይቁ ጀመር። ወላይታ ካደገች፣ ኖባ ከጠፋች፣ በሁለቱም ዘንድ መከራ ከነበረ፣ ልዩነቱን መከራው አላመጣውም ማለት ነው። ልዩነቱ በስንቁና በመምህሩ ላይ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። መከራ ሰውን ያጠነክራል፤ ይህን አልክድም። ማጠንከርና ማብሰል ግን ሁለት ነገር ናቸው። ከሰው ቤት ተቀጥራ አድጋ፣ ኋላ የራሷ ቤት እመቤት የሆነችን ሴት ተመልከቱ። አንዳንዷ የቤት ሠራተኛዋን እንደ ልጇ ትይዛታለች፤ የራሷን ሌሊት አልረሳችምና። ሌላዋ ደግሞ፣ እኔ በአንቺ ዕድሜ ውኃ ከወንዝ በእንስራ እቀዳ ነበር፣ አንቺ ምን ሆንሽ እያለች እንቅልፍ ትከለክላታለች። ሁለቱም በአንድ መከራ አልፈዋል፤ ሁለቱም እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። በድኽነት አድጎ ለሹመት የበቃና ድኻን ከደጁ የሚያባርር ሰው ስንት አለ? መከራውን እንደ ብድር ቈጥሮ ከታናሹ ላይ የሚያስከፍል ሰው፣ ምንም ያኽል ቢጾም ገና ጥሬ ነው።

በመከራ ውስጥ ያለውን ሰውስ ምን እንበለው? ከሁሉ አስቀድሞ አታልቅስ አንበለው። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል፤ በጌቴሴማኒም ጽዋው እንዲያልፍለት ለምኗል። ከዳዊት መዝሙራት ብዙዎቹ አቤቱታ ናቸው። እንባን የሚከለክል ጽናት ለድንጋይ እንጂ ለክርስቲያን አይሆንም። እግዚአብሔርን ስለ ምን ተውኸኝ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከእርሱ ጋር እየተነጋገረ ነው፤ ሁሉም ለበጎ ነው ብሎ በአፉ ብቻ የሚናገር ግን ከእርሱም ከሰውም ጋር መነጋገር ያቆመ ሊሆን ይችላል። የበሰለ እምነት ምን እንደሚመስል ለማየት የሚሻ፣ ዮሐንስ ስለ መስቀሉ የጻፈውን ያስታውስ። ጌታ በችንካር ላይ ሳለ እናቱ በማን ቤት እንደምትኖር አሰበ፤ ለደቀ መዝሙሩም አደራ ሰጣት። በራስ ሕመም ውስጥ ሆኖ የሌላውን ቤት ኪራይ ማሰብ ከዚህ ይወለዳል። በጂዳና በቤሩት በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ራሳቸው ሳይጠግቡ ለታናናሾቻቸው ትምህርት ገንዘብ ሲልኩ፣ ብዙ ስብከት ሳይሰሙ ይህን ያደርጉታል።

እንዲህ ከሆነ የመከራ ጥቅሙ ምንድን ነው፣ እግዚአብሔርስ ስለ ምን ይፈቅደዋል የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ስለ ምን እንደሚፈቅደው ኢዮብም አልተነገረውም፤ ለእኔ ይነገረኛል ብዬ አልጠብቅም። እርሱ ከክፉው ውስጥ መልካም ሊያወጣ መቻሉን አምናለሁ። ነገር ግን እርሱ ማውጣት ስለሚችል እኔ እጄን ልሰብስብ ማለት፣ ሐኪም አለ ተብሎ ቍስለኛውን በመንገድ ትቶ እንደ ማለፍ ነው፤ ካህኑና ሌዋዊውም ያደረጉት ይህንኑ ነበር። መከራ ያበስላል የሚለውን ቃል መናገር የሚፈቀደው በገዛ ራሱ መከራ ላይ ለሚናገረው ሰው ነው። ጳውሎስ የተናገረው ጀርባው የግርፋት ጠባሳ ይዞ ነው። በሌላው ሰው መከራ ላይ ግን ይህን ቃል ለመናገር ያሰበ ሰባኪ፣ አስቀድሞ ዱቄቱ ስንት ቀን እንደሚበቃ፣ የቤት ኪራዩ የተከፈለ መሆኑን፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት የዋሉ መሆናቸውን ይጠይቅ። ልቅሶ ቤት የሚመጡ ጐረቤቶች በዚህ ከሰባኪው ይሻላሉ፤ ንፍሮውን አቅርበው ዝም ብለው ይቀመጣሉ።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ እርሱም በመከራ ጊዜ የወደቁትን ይመለከታል። ሕፃኑ ሲታመም ጠንቋይ ቤት የሄደ፣ ሥራ ለማግኘት ሃይማኖቱን የሸሸገ፣ ተርቦ የሰረቀ፣ ኀዘን ሲበዛበት መጸለይን የተወ ሰው በየደብሩና በየጉባኤው አለ። መከራ ያበስላል የሚለው ትምህርት ለእነዚህ ሰዎች የሚነግራቸው ነገር የለውም፤ እሳቱ ገብተው ሳይበስሉ የወጡ ናቸውና እንደ ገል ይጥላቸዋል። እነርሱም ይህን ስለሚያውቁ ከበሩ ውጭ ቆመው ይሳለማሉ እንጂ አይገቡም። ቆጵርያኖስ ስለ ወደቁት ክርስቲያኖች በጻፈው መጽሐፍ ካስቱስና ኤሚልዮስ የሚባሉ ሁለት ሰዎችን ያነሣል። ሁለቱ በመጀመሪያው ሥቃይ ተሸንፈው ክደው ነበር። በሁለተኛው ጊዜ በእሳት ሲፈተኑ ግን ጸንተው ሞቱ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ፈተና መካከል ስንት ቀን እንዳለፈ፣ በዚያም ጊዜ እንጀራ የሰጣቸውና ያነጋገራቸው ማን እንደ ነበረ ቆጵርያኖስ አልጻፈልንም።